አስታማሚውን ማን ያስታምመዋል?

የዚህ ሳምንት ንባብ፦ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከቁጥር 21 እስከ 43። መጀመሪያ ክፍሉን ከመጽሐፍ ቅዱሳችሁ አንብቡት፤ ከዚያ ወደዚህ ወረቀት ተመለሱ። ማንበብ ለማይችል ሰው ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ያንብብለት።

በካኩማም በካሎቤዬም ያላችሁ ወገኖች፣

ስለ በሽተኞች ሁልጊዜ እንጸልያለን። እሁድ እሁድ ስማቸው ይጠራል፣ እጃችንን እናነሳለን፣ አሜን እንላለን። ይሄ መልካም ነው። ዛሬ ግን ማውራት የፈለግሁት ስማቸው ስለማይጠራ ሰዎች ነው። በሽተኛውን ይዘው ሄደው በር ላይ ስለሚቀሩት። እናት፣ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ስለ አስታማሚ ማለት ነው። በተለይ ደግሞ በሽተኛቸው የጽኑ ህሙማን ክፍል ስለገባባቸው።

ይሄን ክፍል ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። እዚህ ካምፕ ያለው ሕክምና ካልቻለው በሽተኛው ሪፈር ይባላል። አንዳንዱ ሎድዋር ይሄዳል፤ ከእኛ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። በጣም የከበደው ኤልዶሬት ወይም ናይሮቢ ይላካል። ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ አይ ሲ ዩ የሚሉት ክፍል አለ። መተንፈስ ያቃተው፣ ራሱን የሳተ፣ ከባድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው እዚያ ይተኛል። በአፉ ቱቦ ይገባና ማሽን ያስተነፍሰዋል። ደረቱ ላይ ሽቦ ይለጠፋል። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይሮጣል፣ ማሽኑ ይጮኻል። አስታማሚው ይሄን አይቶ ይደነግጣል። ከዚያ "ውጡ" ይባላል፣ በሩ ይዘጋል። አልጋው ለበሽተኛው ነው፣ ሐኪሙም ለበሽተኛው ነው። ውጭ ወንበር ላይ የተቀመጠው ግን ለማን ነው?

በመካከላችን አንዲት እናት አሉ። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጽፍም። ባለቤታቸው በድንገት ወደቁ፣ ራሳቸውን ሳቱ፣ ከካምፑ ውጭ ወዳለ ሆስፒታል ተወሰዱ። እሳቸው አብረው ሄዱ። ስዋሂሊ አይችሉም፣ እንግሊዝኛም አይችሉም። ሁለት ቀን ሙሉ ኮሪደር ላይ ተቀመጡ። ሐኪም ሲያልፍ ይነሳሉ፣ ሲሄድ ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ነርስ አማርኛ የሚሰማ ልጅ ፈልጋ አመጣች፣ አጠገባቸው ቁጭ አለች፣ ሁሉን ነገረቻቸው። ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሷል፣ ማሽኑ ነው የሚያስተነፍሳቸው፣ ሁኔታው ከባድ ነው፣ ግን ተስፋ አልቆረጥንም አለች። ከዚያ እጃቸውን አስታጥባ አስገባቻቸው፣ የባላቸውን እጅ አስያዘቻቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ባለቤታቸው አረፉ።

እኚህ እናት ምን እንዳሉኝ ልንገራችሁ። "ልጄ፣ ሞቱ ሐዘን ነው፤ የእግዚአብሔር ነው። ያቃጠለኝ ግን ሳላውቅ የተቀመጥኩት ሁለት ቀን ነው። ያቺን ልጅ ደግሞ እስክሞት እመርቃታለሁ።" ወገኖች፣ ባላቸው አልዳኑም። ግን ይመርቃሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ነርሷ የሰጠቻቸው መድኃኒት አይደለም፤ አሥር ደቂቃና አንድ አስተርጓሚ ነው።

አሁን ወደ ኢያኢሮስ እንሂድ። እሱም አስታማሚ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ልትሞት ተቃርባለች። ጌታ ኢየሱስ ለልጅቷ ያደረገውን ሁላችንም እናውቃለን። ለአባቷ ያደረገውን ግን ብዙ ጊዜ አናስተውልም። አብረን እንየው።

አንደኛ፣ ጌታ የአባትየውን ቃል ሰማ።

ኢያኢሮስ የምኩራብ አለቃ ነበር፣ ትልቅ ሰው ነው። ልጅ ሲታመም ግን ትልቅ የሚባል ሰው የለም። እግሩ ላይ ወደቀና ለመነ። ጌታም እስኪጨርስ ሰማው፣ አብሮትም ሄደ።

አስታማሚ ብዙ ያውቃል። በሽታው መቼ ጀመረ፣ ምን በላ፣ ምን መድኃኒት ዋጠ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበረበት፤ በሽተኛው ራሱን ከሳተ ይሄን የሚናገርለት አስታማሚው ብቻ ነው። ስለዚህ አስታማሚዎች፣ ስትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ። የባህል መድኃኒት ጠጥቶ ከሆነ አትደብቁ። ጾሞ ከነበረ ተናገሩ። የስኳር ወይም የደም ግፊት ኪኒን አቋርጦ ከሆነ ተናገሩ። ያፍራል ብላችሁ የደበቃችሁት ነገር ሊጎዳው ይችላል። ካልተጠየቃችሁ ደግሞ እናንተ ቅደሙ። "እኔ ሚስቱ ነኝ፣ የማውቀው ነገር አለ" በሉ። ኢያኢሮስ ሰዉን ሁሉ ሰንጥቆ ነው የመጣው።

ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ መዘግየት ነበረ።

አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት መጣች። ጌታ ቆመ፤ ማን ነካኝ አለ፣ ሴትየዋ እውነቱን ሁሉ እስክትነግረው ጠበቀ። ኢያኢሮስን አስቡት። ልጁ እየሞተች ነው፣ ሐኪሙ ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ ከሌላ ሰው ጋር ያወራል! ወንጌሉ ኢያኢሮስ ምን እንዳለ አይነግረንም። በሆዱ የነበረውን ግን በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሪፈር ስንጠብቅ፣ የመውጫ ፈቃድ ስንጠብቅ፣ አልጋ ስንጠብቅ፣ የሌላው ሰው በሽተኛ ቀድሞ ሲገባ እናያለን። ያን ጊዜ "እኛ ስደተኛ ስለሆንን ነው" የሚል ነገር ቶሎ ይመጣል። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አድልዎ የለም አልልም። አንዳንዴ ግን የቀደመው ሰው ከእኛ ይልቅ ለሞት ስለቀረበ ነው። አይ ሲ ዩ አልጋው ጥቂት ነው፣ ነርሱም ጥቂት ነው። ጌታ ለሴትየዋ ሲቆም የኢያኢሮስን ልጅ አልረሳም። የሌላው መዳን የእኛን ድርሻ አይበላም። በር ላይ ከጎናችሁ የተቀመጠው ቱርካናም ይሁን ሱዳናዊ ወይም ሶማሊያዊ፣ እሱም አባት ነው። ሻይ ካላችሁ አካፍሉት።

ሦስተኛ፣ ክፉ ወሬ ሲመጣ ጌታ ወዲያው ወደ አባትየው ዞረ።

ከቤት የመጡት ሰዎች መርዶውን እንዴት እንደነገሩት አያችሁ? ልጅህ ሞታለች፣ መምህሩን ለምን ታደክመዋለህ አሉት። መንገድ ላይ፣ ሰው መሃል፣ እንዲሁ ወረወሩበት። ጌታ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ ብቻውን አልተወውም። አትፍራ፣ እመን ብቻ አለው። ከዚያም አብሮት ሄደ። ቃል ሰጥቶ አልቀረም።

ጤና የተማረ አንድ ወንድም የነገረኝን ላካፍላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ አንዲት ነርስ በጽኑ የታመሙ ሰዎች የነበሯቸውን 40 ዘመዶች ምን ያስፈልጋችሁ እንደነበር ጠየቀች። ከሁሉ በላይ የመጣው መልስ "ተስፋ እንዳለ መሰማት" የሚል ነበር። ለጥያቄያቸው እውነተኛ መልስ ማግኘትም ከዋናዎቹ ውስጥ ነበር። ተስፋና እውነት አብረው ነው የተጠየቁት። ሌላም ነገር ነገረኝ። በኋላ እዚያው አሜሪካ በተደረገ ጥናት፣ በአይ ሲ ዩ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ከዳነላቸው ይልቅ በእንክብካቤው ረክተው ተገኙ። እኔ መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። ያቺን እናት ሳስብ ግን ገባኝ። ሊሞት ከተቃረበ ሰው ቤተሰብ ጋር ሐኪሞች ምናልባት ይበልጥ ይቀመጣሉ፣ ይበልጥ ያስረዳሉ። ሰው የሚያስታውሰው እንዴት እንደተያዘ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለአማኞች የሚከብድ ቃል አለኝ። በፍቅር ስሙኝ። ያቺ እናት ባላቸው አይ ሲ ዩ እያሉ አንዳንድ ወገኖች ስልክ ደውለው "ጌታ ነግሮናል፣ ሐሙስ ይነሳሉ" አሏቸው። ሐሙስ ቀን ባላቸው አረፉ። ከቀብር በኋላ ደግሞ "እምነት ጎድሎ ነው" የሚል ወሬ ደረሳቸው። ወገኖቼ፣ ይሄ ተስፋ አይደለም፣ ሸክም ነው። ጌታ ያልነገረንን ጌታ ነገረን አንበል። የማናውቀውን ቀን አንቁረጥ። ጌታ ሊፈውስ ይችላል፤ እኔ በዚህ አምናለሁ፣ አይቻለሁም። ግን የእሱን ሥራ ለእሱ እንተው። የእኛ ሥራ አብሮ መሄድ ነው። "አላውቅም እናቴ፣ ግን አብሬዎት ነኝ" ማለት ትልቅ ስብከት ነው። "ዘግይታችሁ ነው የወሰዳችሁት" የሚለውን ቃል ደግሞ ከአፋችን እናውጣው። ማንንም አይጠቅምም፣ እድሜ ልክ ያቆስላል።

አራተኛ፣ ጌታ ግርግሩን አስወጥቶ አባትና እናቷን አስገባ።

ቤቱ ጋ ሲደርሱ ለቅሶ፣ ጩኸት፣ ሁከት ነበር። ጌታ ሁሉንም አስወጣ። ከእሱ ጋር የነበሩትን ሦስት ደቀ መዛሙርትና አባትና እናቷን ብቻ ይዞ ገባ። ሁለቱንም ነገር አስተውሉ። ሕዝቡን አስወጣ፤ አባትና እናቷን ግን አላስወጣም።

የኛ ባህል አብሮ መሄድ ነው። አንድ ሰው ሲታመም ሃያ ሰው እንሄዳለን። ፍቅር ነው፤ ግን አይ ሲ ዩ በር ላይ ሃያ ሰው ሆኖ ጮኾ መጸለይ ለበሽተኛውም ለሌሎቹም አይሆንም። ነርሷ "ሁለት ሰው ብቻ" ስትል ጠላታችን ሆና አይደለም። በሽተኛው አቅም የለውም፣ ከውጭ የገባ ጉንፋን እንኳ ሊጥለው ይችላል። እጅ ታጠቡ ሲሉ መታጠብ ነው። የቀረነው ውጭ ሆነን ብንጸልይ ጌታ በግድግዳ አይከለከልም።

ሐኪሞችና ነርሶችም ይሄን ወረቀት የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ ስሙን። አባትና እናትን አታስወጡ። ካስወጣችሁም ለምን እንደሆነ ንገሯቸው፣ መቼ እንደምትጠሯቸው ንገሯቸው።

ስትገቡ አትደንግጡ። ቱቦው በድምፅ መውጫው በኩል ስለሚያልፍ በሽተኛው መናገር አይችልም፤ ተቆጥቶ አይደለም ዝም ያለው። የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጡታል። ፊቱ ሊያብጥ ይችላል። ቱቦውን እንዳይነቅል እጁን በጨርቅ አስረውት ልታዩ ትችላላችሁ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ሰው ሞተ ማለት አይደለም። ሽቦ ሲላቀቅ ይጮኻል፣ ግሉኮስ ሲያልቅ ይጮኻል። እናንተ ምንም ነገር አትንኩ፤ እጁን ግን ነርሷን ጠይቃችሁ ያዙት። ስሙን ጥሩት። ሊሰማችሁ ይችላል፤ ስለዚህ አጠገቡ ሆናችሁ ስለ ቀብር አታውሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጌታ የልጅቷን እጅ ይዞ የተናገራት በአራማይክ ነው፣ እቤታቸው በሚነጋገሩበት ቋንቋ። ማርቆስ ያን ቃል እንዳለ አስቀመጠው፤ ከዚያ ትርጉሙን ጻፈልን። አባትና እናቷም ቆመው ይሰማሉ፣ አንድም ቃል አላመለጣቸውም። ወገኖች፣ በራስ ቋንቋ መስማት ቅንጦት አይደለም። አስተርጓሚ ጠይቁ። አሥር ዓመት ልጃችሁን "አባትህ ሊሞት ነው" የሚለውን ቃል አታስተርጉሙት፤ ለልጅ ይከብዳል። ስዋሂሊ የምትችሉ ወጣቶች፣ አገልግሎት ምንድነው እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ይሄው አገልግሎት። በስልክም ቢሆን ማስተርጎም ይቻላል። ስታስተረጉሙ ግን አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ ያያችሁትን ሰፈር ውስጥ አታውሩ።

አምስተኛ፣ የምትበላውን ስጧት አለ።

ልጅቷ ተነሳች፣ ሄደች፣ ሁሉም ተደነቁ። በዚያ ሁሉ መደነቅ መሃል ጌታ ምግብ ትዝ አለው። እኔ ይሄን ቃል እወደዋለሁ። ተአምር ሠርቶ ስለ እራት የሚያስብ ጌታ ነው ያለን።

አስታማሚ አይበላም፣ አይተኛም። "እሱ ሳይበላ እኔ እንዴት ልብላ" ይላል። በሦስተኛው ቀን እሱም ይወድቃል። ስለዚህ ይሄን ሳምንት ከሰፈራችሁ ሆስፒታል የሄደ ሰው ካለ እቤቱ ሂዱ። ልጆቹ በልተዋል? ውኃ ማን ይቀዳላቸዋል? የራሽን ቀን ከሆነ ማን ይሰለፍላቸዋል? ለአስታማሚው ስልክ ክሬዲት ላኩለት፤ ሃምሳ ሽልንግም ቢሆን። ብዙ አታውሩት፤ "በልተሃል?" በሉት።

ጥያቄ መጠየቅ የሚፈራ ሰው ካለ እነዚህን አራት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፦ ያገኛችሁበት በሽታ ምንድነው? ከትናንት ዛሬ ተሻለው ወይስ ባሰበት? ቀጥሎ ምን ልታደርጉ ነው? ለውጥ ካለ በየትኛው ስልክ ትደውሉልኛላችሁ? ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይመረጥ፤ እሱ ጠይቆ ለሌሎቹ ይንገር። "ስደተኛ ምን አፍ አለው" አትበሉ። በትህትና መጠየቅ አመጽ አይደለም። በደል ካለ በስርዓቱ አመልክቱ፤ ነርሷን ግን አትስደቡ። ስትወጡም፣ በሽተኛው ዳነም አረፈም፣ በደንብ ለያዛችሁ ሰው አመስግናችሁ ውጡ። "አሳንቴ" ለማለት ስዋሂሊ መማር አያስፈልግም።

ካልተነሳስ?

አንዳንዶቻችሁ ይሄን እያነበባችሁ በልባችሁ "የኢያኢሮስ ልጅ ተነሳች፣ የኔ ግን አልተነሳም" ትላላችሁ። አውቃለሁ። ለእናንተ ሌላ ቦታ ላሳያችሁ፤ ዮሐንስ 19 ከቁጥር 25 እስከ 27። ማርያም መስቀሉ አጠገብ ቆማለች። ልጇ ከመስቀል አልወረደም። ለመንካትም፣ ደሙን ለመጥረግም አልቻለችም። ቆማ ማየት ብቻ ነው የተቻላት። ጌታ በዚያ ሥቃይ ውስጥ ሆኖ እናቱን አየ። ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ደቀ መዝሙር ወደ ቤቱ ወሰዳት።

እንግዲህ ያዳነው ጌታና የሞተው ጌታ አንድ ናቸው። ልጅቷ ስትነሳም ለቤተሰቧ አሰበ፣ እሱ ሲሞትም ለእናቱ አሰበ። በሽተኛችን ከማሽኑ ቢነሳም ባይነሳም በር ላይ የቆመውን ያየዋል። በሦስተኛው ቀንም መቃብሩ ባዶ ሆነ። ለእኛ የተረፈን ዮሐንስ ያደረገው ነው፤ ወደ ቤት መውሰድ። ያቺ እናት ዛሬ ብቻቸውን ናቸው። ቤታቸውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቡና አፍልታችሁ ጥሯቸው።

ለቤት ለቤት ጸሎት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አስታማሚ ሆነህ/ሆነሽ ታውቃለህ/ታውቂያለሽ? በዚያን ጊዜ የረዳህ/የረዳሽ ቃል ምን ነበር? የጎዳውስ?

2. ጌታ ሕዝቡን አስወጥቶ አባትና እናቷን ለምን አስገባ?

3. በሰፈራችን ዛሬ ሆስፒታል በር ላይ ያለ ማን ነው? ስሙን ጻፉ። ቤቱን የሚያይ አንድ ሰው፣ ስልክ የሚደውል አንድ ሰው፣ ማስተርጎም የሚችል አንድ ሰው ምረጡ።

ጸሎት

ጌታ ሆይ፣ ከኢያኢሮስ ጋር በመንገድ የሄድክ አንተ፣ ዛሬ ኮሪደር ላይ ከተቀመጡት ጋር ተቀመጥ። በማሽን ለሚተነፍሱት እስትንፋስ አንተ ነህ። ለሐኪሞችና ለነርሶች ጉልበትና ርኅራኄ ስጣቸው። ወሬ ለሚጠብቁት እውነትን የሚነግራቸው ሰው ላክላቸው። ሰው ለሞተባቸው አንተ ራስህ ድረስላቸው። እኛንም ለወንድማችን ቤት ሁነን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።